አባባ ሳያዩት የተነነው ውሃ

እሑድ

የአባባ ዐይን መሸፈኛ ተነሣ። ሐኪሟ ፕላስተሩን ቀስ እያለች ስትልጠው አባባ ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ ያዩት የሐኪሟን ነጭ ጋውን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ትርንጎ፣ ፀጉርሽ መቼ ነው የሸበተው?» አሉኝ። ሐኪሟ አማርኛ አታውቅምና ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት፤ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀጥዬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብሁ።

ትእዛዙ ብዙ ነው። ጠብታው ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ማሸት የለም። ማጎንበስ የለም። ከባድ ነገር ማንሣት የለም። ከሁሉ በላይ አቧራና ነፋስ የለም፤ በሚመጣው እሑድ እንደገና እስክታያቸው ድረስ። ሌላኛው ዐይናቸው ከድሮ የጠፋ ነውና፣ ይኸ ከመረቀዘ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው አለች። እኔ ራሴ ሮቫ ዛይን በሚባለው ሰፈር ያለው ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈሩ ክሊኒክ፣ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ይኸንኑ ለስንቱ በሽተኛ ነግሬያለሁ። ለገዛ አባት ሲሆን ግን እንደ አዲስ ያስፈራል።

በታክሲ ወደ ሰፈራቸው ወደ ሮቫ ጊሜል መለስኋቸው። በየሰገነቱ የተሰጣውን ልብስ፣ የሱቆቹን ጽሑፍ፣ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ ሁሉንም በመስኮት ያዩ ነበር። ቤት እንደገባን በቀጥታ ወደ እማዬ ፎቶ ሄዱ። ፊታቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «መስተዋቱ አቧራ ይዟል» አሉ።  ወለወልሁት።

ይኸን ቀዶ ጥገና እሺ ያሰኘኋቸው በስንት ልመና ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሞራው ዐይናቸውን እየሸፈነው ሲሄድ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሐኪም ጋ እንሂድ ስላቸው «ለማየት የቀረኝ ምን አለ?» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ ያሸነፍኋቸው በኩሬው ነው።

ከከተማው በስተደቡብ፣ ቤቱ አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት፣ ዝናብ የሚሞላው ኩሬ አለ። ወንዝ አይገባበትም፣ ምንጭ የለውም። እዚህ አገር ክረምት ብርዱና ዝናቡ አንድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ይሞላል፣ በጋው ሲበረታ ይደርቃል። ዳሩ ላይ ትልቅ ሾላ አለ። እማዬ የአገሬ ዛፍ ነው ብላ እሱ ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ትቀመጥ ነበር፤ አባባ አጠገቧ። ዓርብ ጠዋት ሁልጊዜ እዚያ ናቸው። እንቁራሪቶቹ ሲንጫጩ ያዳምጣሉ፣ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ከዚያ ለሰንበት ዝግጅት ይመለሳሉ። «ዐይንዎ ይብራልኝና ውሃው ሳለ እወስድዎታለሁ» አልኋቸው። በዚህ ነው እሺ ያሉት።

ዛሬ ሲተኙ «ኩሬውስ?» አሉኝ። አለ፣ ደህና ነው አልሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከፑሪም በዓል በፊት ነው፤ ወር ይሆነዋል። ያኔ እስከ ባት ይደርስ ነበር።

ሰኞ

ሻራቭ ገባ። ከምሥራቅ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ጠዋቱን ደረሰ፤ ሰማዩ ቢጫ ነው፤ ባሕሩ እንኳ ከዚህ አይታይም።

ከሥራ በፊት አባባ ጋ ገብቼ ጠብታውን አደረግሁላቸው። ካፖርታቸውን ወንበር ላይ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። «ዛሬ እንሂድ» አሉ። ከሰዓት ሚሽሜሬት፣ የሥራ ተራ፣ እንዳለኝ፣ ውጭው አቧራ እንደሆነ፣ ሐኪሟ ምን እንዳለች አስረዳኋቸው። «ውሃው ይቆያል አባባ። እስከ ፋሲካ ሁልጊዜ ይቆያል። እሑድ ሐኪሟ ታይዎታለች፣ ከዚያ በቀጥታ እንሄዳለን።»

«አንቺ እንዳልሽ» አሉ።

ለፋሲካ ጽዳት መጋረጃዎቹን አጥቤ ሰገነቱ ላይ ሰቀልሁ። ሁለተኛውን ሰቅዬ ስጨርስ የመጀመሪያው ደርቆ ነበር። ደስ አለኝ። ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የቀለለኝ ይኸ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። አባባ ለሰፈሩ ድመቶች ሰገነት ላይ ጣሳ ውሃ ያስቀምጣሉ። ጠዋት የሞሉት ቀትር ላይ ከግማሽ በታች ሆነ። ድመት አልመጣም ይላሉ፤ አሁን ስለሚያዩ በር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ነበርና። «ታዲያ ማን ጠጣው?» ብለው ጠየቁኝ። አየሩ ነው አልሁና እየሮጥሁ ወጣሁ። ምን እንደተናገርሁ አላሰብሁበትም።

ማክሰኞ

ሙቀቱ ባሰ። ኩፓት ሆሊም ውስጥ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየሳቱ መጡ። ውሃ ጠጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቀኑን ሙሉ ያልሁት ይኸንን ነው።

ሂላ ደወለች። ልጄ ቤር ሼቫ ዩኒቨርሲቲ ስለ ውሃ ነው የምትማረው። ስለ ሳባዋ፣ ስለ አያቷ፣ ዐይን ነገርኋት፤ ጮቤ ረገጠች። ፀጉሬን ስላሉት ስነግራት ደግሞ ስቃ አላባራ አለች። ኩሬው ጋ እሑድ እወስዳቸዋለሁ ስላት ግን ሳቋ ቆመ።

«ኢማ፣ ካየሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ነገርኋት። ዘንድሮ ዝናቡ ደህና እንደነበረ፣ እንዲያውም ካለፈው ዓመት እንደማያንስ ጨመርሁ።

«የሚገባውን ነው የምታይው፤ የሚወጣውን አታይም» አለችኝ። ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ነገረችኝ። አየር በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው እንፋሎት ይበዛል፤ ስለዚህ ከውሃው ላይ አብልጦ ይወስዳል። ሻራቭ ሲሆን ሞቃትም ደረቅም ነው፤ ነፋሱ የጠገበውን አየር ገፍቶ የተጠማውን ያመጣል። ድሮ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ትነቱም ይቀንስ ነበር። አሁን ሌሊቱም ሞቃት ሆነ፤ ውሃው ዕረፍት የለውም። ነገሩ የዚህ ሳምንት ብቻም አይደለም አለች። ከጥር ጀምሮ ያለ ካፖርት ስንወጣ፣ ደስ የሚል ፀሐይ ነው እያልን ባሕር ዳር ስንቀመጥ፣ ኩሬው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሄድ ነበር። ዝናቡ ያው ቢሆንም የሚቆይበት ጊዜ ያው አይደለም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጣሳው ትዝ አለኝ።

ተናደድሁ እንጂ አላመንኋትም። ልጅ ናት፣ መጽሐፍ ታነባለች፤ እኔ ግን ኩሬውን ለዓመታት አውቀዋለሁ አልሁ በልቤ። ነገ ከሥራ ወጥቼ ላየው ነው።

ረቡዕ

አየሁት።

ከአውቶቡሱ ወርጄ በአሸዋው ስሄድ ነፋሱ ፊቴን ይለበልበኝ ነበር። የእንቁራሪት ድምፅ የለም። ኩሬው ድሮ ይደርስበት ከነበረው ቦታ ጀምሮ መሬቱ ቀለበት በቀለበት ሆኗል፤ አንዱ ቀለበት ተሰነጣጥቋል፣ የሚቀጥለው እርጥብ ጭቃ ነው፣ መካከል ላይ የሳሎኔን ያህል ውሃ ቀርቷል። እጄን ነከርሁበት። ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፤ እንደ ሻይ ሞቋል።

የእንቁራሪት ልጆች እዚያ ውስጥ ተጨናንቀዋል። ገና ጭራ አላቸው። ውሃው እነሱ ብቻ ሆኖ ይተራመሳል። ነጫጭ ወፎች ዳር ቆመው ሳይቸኩሉ ይለቅማሉ።

አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ሠራተኛ ባልዲ ይዞ መጣ። ጥልቀት ወዳለው ሌላ ኩሬ ጥቂት እንደወሰደ፣ ሁሉንም መውሰድ ግን እንደማይቻል ነገረኝ። እኔ ከቤት ውሃ ባመጣስ ብዬ ጠየቅሁት። የቧንቧ ውሃ ክሎር አለው፣ ይገድላቸዋል አለኝ። የአየር ትንበያው ዓርብ ዝናብ ብሏል፤ እሱ ከመጣ ይተርፋሉ፤ ካልመጣ ይኸ ውሃ እስከ እሑድ አይደርስም አለኝ። ፊቱ የደከመው ሰው ፊት ነው።

የሾላው ጥላ ሥር ትንሽ ተቀመጥሁ። አባባን አሁኑኑ ላምጣ ብዬ አሰብሁ። ነፋሱን አየሁ። አሸዋው መሬት ለመሬት እንደ ጭስ ይሄድ ነበር። የበሽተኞቼን የመረቀዘ ዐይን አሰብሁ። በስልኬ ቀርጬ ተመለስሁ።

አባባ ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው አዩ። ደጋግመው አዩ። ውሃው ማነሱን ደበቅሁ፤ የቀረጽሁት ከቅርብ ብቻ ነበርና ብዙ ይመስላል። ጨርሰው ሲመልሱልኝ «ስልኩን አየሁት» አሉ። «ውሃውን ግን አላየሁትም።»

ሐሙስ

ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ሐሳቤ እዚያ ነበር። ለአንዲት እናት መርፌ ስወጋ እጄን ይዛ «አንቺ ነሽ እንዴ የታመምሽው?» አለችኝ።

ያሰብኋቸው ነገሮች። ታክሲ ይዘን እስከ አሸዋው ጫፍ ብንሄድ። የሂላን የዋና መነጽር ባደርግላቸው። በላዩ ሻሽ ባስርላቸው። መስኮት ዘግተን ከውስጥ ቢያዩ፤ ከመንገዱ ግን ኩሬው አይታይም፣ በእግር መግባት ያስፈልጋል። በዱላ የሚሄድ ሽማግሌ በዚያ ነፋስ አሸዋ ላይ ቢወድቅስ? እያንዳንዱ ሐሳብ ጥሩ ይመስላል፤ ወዲያው ይፈርሳል።

ማታ እውነቱን ነገርኋቸው። ውሃው አንሷል፣ ዓርብ ግን ዝናብ አለ ብለዋል፤ ዝናቡ አቧራውንም ያጠፋል፣ ኩሬውንም ይሞላል፤ እሑድ ሄደን እናያለን።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ቀና ብለው በዚያ በአዲሱ ዐይናቸው አዩኝ። ሰው ሲያየኝ እንዲህ የከበደኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። «ትርንጎ፣ አንድ ዐይን ነው ያለኝ» አሉ። «ብትፈሪለት አይፈረድብሽም። እኔ ግን ያስከፈትሁት ለዚያ ነበር።»

 ጠብታውን አድርጌላቸው ወጣሁ።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ

ቶሎ ልጻፍ፤ ድስቱ እሳት ላይ ነው።

ጠዋት ስደርስ አባባ ለብሰው በር ሥር ተቀምጠዋል። ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ሐኪሟ የሰጠችው ጥቁር መነጽር፣ ዱላ። ቆሎ በኪሳቸው ይዘዋል፤ ሸተተኝ።  መስኮቱን ከፍቼ ሰማዩን አሳየኋቸው፤ ከትናንቱ የባሰ ቢጫ ነበር፤ ማዶ ያለው ሕንፃ በአቧራ ደብዝዟል። ዝናቡ ከሰዓት ነው አልሁ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ካፖርታቸውን እኔ አወለቅሁላቸው። 

ዝናብ ያሉት ከሰዓት በኋላ መጣ። ጥቂት ጠብታ። አቧራውን ይዞ ስለወረደ ጭቃ ነው የዘነበው። የመኪናውን መስተዋት ሁሉ አዥጎረጎረው፣ ከሰኞ ጀምሮ ሳላነሣ የተውኋቸውን መጋረጃዎች ነጠብጣብ አድርጎ አለፈ። መሬቱ እንኳ አልራሰም። ሰገነት ላይ ቆሜ ደመናው ባዶውን ወደ ምሥራቅ ሲሄድ አየሁት።

አንድ ጥሩ ነገር፤ አባባ ከሶፋው ሥር እኔ ሦስቴ ጠርጌ ያላየሁትን የዳቦ ፍርፋሪ አገኙ። በፋሲካ የዳቦ ቅንጣት እንኳ ቤት ውስጥ መቅረት የለበትም፤ እኔ ደግሞ ቤቱን አጽድቻለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር። በጣም ሳቁብኝ። ያ ሳቅ ለእኔ ሲሉ መሆኑን አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ወጥቶ

አባባ በጸሎት ቤት ሙሽራ ሆነው ዋሉ። ሁሉም እንኳን ብርሃን አየህ እያለ ይስማቸዋል። እሳቸው ደግሞ እያንዳንዱን ትኩር ብለው እያዩ «አንተም አርጅተሃል» ይሉታል። ጓደኞቻቸው ጨርሰው የሸበቱት እሳቸው ሳያዩ ነው።

ነፋሱ ረግቷል። ከባሕር በኩል ቀዝቃዛ አየር መጣ። ከጸሎት ቤት በእግራቸው ተመለሱ፤ አቧራ አልነበረም። ዛሬ መሄድ እንችል ነበር፤ ሰንበት ነው እንጂ፤ በመኪና አንሄድም፣ በእግር ደግሞ ለእሳቸው ሩቅ ነው። ስለ ኩሬው አንድም ቃል አላነሡም።  ጠባቂው ያለኝን ግን አልረሳሁም።

እሑድ

ሐኪሟ ዐይኑ እንደ ወጣት ዐይን ነው አለች። ምንም መርቀዝ የለም፣ በሰሌዳው ላይ ታች ያሉትን ትንንሽ ፊደሎች እንኳ አነበቡ። ጥሩ ጠብቀሻቸዋል ብላ አመሰገነችኝ። ይኸ ምስጋና እንደ ሌላ ጊዜ አልገባልኝም።

ከዚያው በቀጥታ ሄድን። ታክሲው መንገዱ ዳር አወረደን። አየሩ ጥሩ፣ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ነፋስ የለም። ክንዳቸውን ይዤ በአሸዋው ስንሄድ ፈጥነው ነበር የሚራመዱት። ሾላውን ከሩቅ አይተው በዱላቸው አመለከቱኝ። ከዚያ ጉብታውን ወጣን።

ውሃ የለም። መካከል ላይ አንድ ጠቆር ያለ ጭቃ ብቻ። ሌላው ሁሉ እንደ ተሰባበረ ሸክላ ተሰነጣጥቆ ጠርዝ ጠርዙ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ወፎቹም ሄደዋል።

አባባ ቁልቁል ወረዱ። ያዝ ላደርጋቸው ስል እጄን ቀስ ብለው ገፉት። ጭቃው ጋ ሲደርሱ ቆሙና ወደ ታች አዩ። አትጎንበሱ ያለቻቸውን ሐኪም ረስተው ጎነበሱ፤ እኔም አልከለከልኋቸውም። ከስንጥቁ ውስጥ አንዲት የደረቀች ነገር በጣታቸው አነሡ። ከጥፍራቸው አትበልጥም። መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃን አዞሯት።

«እግር አውጥተው ነበር» አሉ።

እውነት ነው። ከኋላ ሁለት እግሮች፣ እንደ ክር የቀጠኑ። ጥቂት ቀን ቢያገኙ ይወጡ ነበር። ዝናቡ የሰጣቸው ውሃ ድሮ ቢሆን ይበቃቸው ነበር። መሬቱን ስመለከት በየስንጥቁ አሉ።

«አባባ፣ ሰኞ ሲሉኝ መጥተን ቢሆን ኖሮ...» አልሁ። 

«ሰኞ ብንመጣ እኔ አየው ነበር» አሉ። «እነሱ ግን ያው መሞታቸው ነው።» ያቺን ነገር ቀስ ብለው ወደነበረችበት መለሷት።

ሾላው ሥር ወሰድኋቸው። እማዬ የምትቀመጥበትን ቦታ አሳዩኝ፤ እኔ የመሰለኝ ሌላ ጎን ነበር። ከግንዱ በስተቀኝ፣ ሥሩ እንደ ወንበር ከፍ ያለበት። እዚያ ብዙ ተቀመጡ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እዚህ ሲቀመጡ የእማዬ ፊት ጭጋግ እየሆነባቸው እንደሄደ፣ ይኸንንም እንዳልነገሯት ነገሩኝ። ብትሰማ ትጨነቃለች ብለው ነው። ውሃው ላይ የሚያብረቀርቀው ፀሐይ ግን እስከ መጨረሻው ይታያቸው ነበር። ብርሃኑን አይተው «እንዴት ያምራል» ሲሉ እማዬ የምታየውን ሁሉ የሚያዩ ይመስላት ነበር። እሱን ነው አሁን በደንብ ሊያዩት የፈለጉት፤ እሷ ታይ የነበረውን።

ይኸን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ። አላውቅም። ምናልባት ያኔም ነፋሱን እፈራ ነበር።

ሰኞ

ሂላ ለበዓሉ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሳባዋ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። ልጅ ሆና ነው የሚያስታውሷት ማለት ይቻላል። ከዚያ አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ኩሬው ጠየቋት፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ።

ትልልቆቹ እንቁራሪቶች አሸዋው ውስጥ ጠልቀው በጋውን እንደሚያሳልፉ ነገረቻቸው። ጭቃው ውስጥም ዓመት የሚቆይ የትንንሽ ነፍሳት እንቁላል አለ። ዝናብ ሲመጣ እንደገና ይጀምራሉ። አንድ ዓመት ልጆቹ ቢያልቁ ይችሉታል፤ በተከታታይ ብዙ ዓመት ከሆነ ግን የሚጮኸው እየቀነሰ ይሄዳል። ዓለሙ በሞቀ ቁጥር ደግሞ እንዲህ ያለው ዓመት ይበዛል አለች። አልደበቀቻቸውም። እኔ ብሆን እደብቅ ነበር።

አባባ ጠሩኝ። እጄ ውሃ እንደነካው ወጣሁ።

«ዝናቡ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ኩሬው በሞላ ማግስት ውሰጂኝ» አሉ። «ሥራ አለኝ አትበይ፣ ዓርብ ይሁን አትበይ። ፋሲካ ድረስ ይቆያል ብለሽ ደግሞ አታጽናኚኝ። ብርድም ይሁን፣ ጭቃም ይሁን።»

ሂላ እኔን አየችኝ። እሺ አልሁ። ከልቤ ነው ያልሁት። ነርስ ነኝ፣ ዕድሜያቸውንም ልባቸውንም አውቃለሁ፤ እስከዚያ በጋው ረጅም ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚጀምር፣ ቢጀምርስ ውሃው ስንት ቀን እንደሚታገሠን፣ ከእንግዲህ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። አባባ ግን እሺታዬን ሰምተው ረክተዋል። አሁን ከሂላ ጋር ሰገነት ላይ ቆመው ታች የሚያልፈውን ሰው አንድ በአንድ ማን እንደሆነ ይጠይቋታል።